በአምቦ ድምፅ ስለቅም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ቲቸር ፀሐይ፣ አሁንስ እፎይ አሉ አይደል?» ይለኛል። የምን እፎይታ። ክፍል ገብቶ መናገር የለመደ አፍ ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን የኔን ባለቤት ጠይቁት፤ ከወሬዬ ሸሽቶ ጎረቤት ቤት ዳማ ሲጫወት ነው የሚውለው። እሱ ካልሰማኝ ወረቀት ይስማኝ ብዬ ነው እንግዲህ የተቀመጥኩት።

ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ጌዶ ጀመርኩ፣ ጊንጪ ተዛወርኩ፣ አምቦ ላይ ጨረስኩ። ስለ ጌዶ ብርድና ስለ ጊንጪ ጭቃ ብዙ ማውራት እችላለሁ፣ ግን ልቤ ወደዚያ አይሄድም። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያሞቀው የመጨረሻው አሥር ዓመት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነርሶችን፣ የቢሮ ሠራተኞችን፣ የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህራንን ሰብስቤ መስማት አስተምር ነበር። አዎ፣ መስማት። «ጆሮ ያለው ይሰማል፣ ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ድሮ እንዲሁ ነበር የምለው።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሺህ ሰባት ገደማ ነው። አምቦ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የሚያመለክተው ሰው እየበዛ መጥቶ ነበር። የውጭዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ውጤት ካላመጣህ አያናግሩህም። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና ማዳመጥ። ማንበቡን የእኛ ሰው ይወጣዋል፣ ከመጽሐፍ ጋር ተዋውቋል። ማዳመጡ ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ድምፁ ከማጫወቻ ይለቀቃል፣ የሚለቀቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያመለጠህ አመለጠህ፤ እጅህን አውጥተህ የምትለምነው መምህር የለም።

የቅዳሜውን ክፍል የከፈትነው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና ኦቦ ጉርሜሳ። ኦቦ ጉርሜሳ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። የዚህን ሙያ ወግ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ክፍል ሲገቡ በሩን በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ፣ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። የተናገሩትን አይደግሙም። ተማሪ «ቲቸር፣ አልሰማሁም» ሲላቸው አጠገቡ ወዳለው ዞር ብለው «አንተስ ምን ሰማህ?» ይላሉ። ያኛው የሰማትን ቁራጭ ይናገራል፣ ሌላው የራሱን ይጨምራል፣ እንደዚያ እየተጠጋገነ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል።

ከመምህራን ጋርም እንዲሁ ናቸው። አንድ ቀን የስብሰባ ሰዓት ተናግረው ሲወጡ «ስንት ሰዓት ነው ያሉት?» ብዬ በኮሪደሩ ተከተልኳቸው። «ኢንተላ ኮ፣ አንዴ ተናግሬያለሁ» ብለውኝ አለፉ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው፣ ቁጣ የለበትም። ሰዓቱን ግን አልነገሩኝም፤ ስብሰባውም አለፈኝ።

እኔ ይኼን ክፋት ነበር የምለው። የኔ አንጀት እንደዚያ አይደለም። በዚያ ላይ ማጫወቻ አልነበረንም፣ ቢኖረንም መብራቱ አይታመንም። ስለዚህ የልምምዱን ጽሑፍ ፊታቸው ቆሜ በራሴ ድምፅ አነብላቸው ነበር፣ ቀስ ብዬ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየሁ። «ይደገምልን» ሲሉኝ እደግማለሁ። ፊታቸው ካልተፈታ ሦስተኛም አለ። ተማሪው ወደኔ ጎረፈ። የክፍያው ነገር የሚወራ አይደለም፣ ለጠመኔና ለታክሲ ነው፤ እኔን ያሰከረኝ ወንበር ጠፍቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲማር ማየቱ ነው። ኦቦ ጉርሜሳ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቂት ደረቅ ሰዎች ብቻ ቀሩ።

ከኔ ተማሪዎች አንዷ ሌንሴ ትባላለች። እጃጂ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እጃጂ ከጌዶ አልፎ ነው፤ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ይዛ ተነስታ፣ ክፍሉ ሲጀመር ፊቷን ታጥባ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ትንሽ ልጅ ናት፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በአዋላጅነት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ወጪዋን ችሎ ተቀብሏት ነበር፣ የቀራት የዚህ ፈተና ውጤት ብቻ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወደ አምቦ ስትላክ መንገድ ላይ የሚደርሰውን ሌንሴ በዓይኗ አይታለች። ስለሱ ብዙ አታወራም። «እዚያው እጃጂ ላይ ማዳን ብችል ነው የምፈልገው» ብላኝ ታውቃለች፣ አንድ ጊዜ።

በክፍል ልምምድ ከሷ የሚስተካከል አልነበረም። አንድም አይስታትም። ፈተናው ሲደርስ «አንቺማ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምታልፊው» ብዬ ስሜ ሸኘኋት።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጣች ቀን ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ትምህርቱ እስኪያልቅ ኋላ ቆየች። ሰው ሲወጣ ጠጋ አለችና «ወደቅሁ ቲቸር» አለችኝ። ማንበቡ አለ፣ መጻፉ አለ፣ መናገሩ አለ። ማዳመጡ ግን ከሚፈለገው በታች።

«እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ሰዎቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ አይመስልም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስትጀምር ይኼ ምንድነው ብዬ ደነገጥኩ። አንዱ ጥያቄ አመለጠኝ፣ እሱን ሳስብ ሌላው አለፈ፣ ቀና ስል ሌላ ሰውዬ ሌላ ነገር ያወራል። እንዳዳመጥኩ ሳይሆን እንደቆምኩ ነው ያለቀው።» ቀጥላም «የእርስዎ ድምፅ ቢሆን ኖሮ አንድም አይስተኝም ነበር» አለች።

እያለቀሰች አልነበረም። እሷ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ መምህራን ክፍል ገብቼ። ኦቦ ጉርሜሳ ሻያቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ነገሩን ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ይኼን የሚያደርጉት ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ነው።

«ፀሐይ፣ ልጆችሽ እንግሊዝኛ አይሰሙም። አንቺን ነው የሚሰሙት።»

ክው አልኩ። እውነት ነው። የኔን አንደበት፣ የኔን ትንፋሽ፣ የኔን «እንዳትረሱ» የሚል ዓይን ነበር የተማሩት። ቁልፍ ቃል ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ መልሱ ሲቃረብ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ አንዳንዴ በቅንድቤ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። የፈተናው ማጫወቻ ቅንድብ የለውም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሏል ይኼ ነው። እኔ ያለባበስኩትን ሌንሴ አጨደችው።

ዩኒቨርሲቲዋን ጽፋ ለመነች። ቦታዋን እስከሚቀጥለው ምዝገባ እናቆይልሻለን፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለሌላ ይሰጣል አሏት። አንድ ዕድል ቀራት ማለት ነው። እኔም ወገቤን ታጥቄ ተነሳሁ፤ ከዚህ ወዲህ ያለው ነው ባለቤቴን ዳማ ቤት የሰደደው ወሬ።

ከኢንተርኔት እንዳናወርድ ኔትወርክ የሚጠፋበት ወራት ነበር። ስለዚህ ድምፁን ከራሱ ከሰው አፍ ልለቅም ወሰንኩ። አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር የውጭ ሰው የት ይገኛል? መጀመሪያ ያገኘሁት የዩኒቨርሲቲውን ህንዳዊ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ስልኬን ከፍቼ አንድ ገጽ ሰጠሁት፣ አነበበልኝ። ቤት ገብቼ ስሰማው ምንም አይረባም፤ ሰው ከወረቀት ሲያነብ ቃሉን ያሳምራል፣ የሰው ወሬ አይሆንም። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና «ወረቀቱን ይተዉት፤ እናትዎ ምስር እንዴት እንደሚሠሩ ይንገሩኝ» አልኩት። ኧረ ያ ሰው ምን ይሁን። ወንበሩን ጥሎ ተነሳ። ቅመሙን በእጁ እየበተነ፣ ሽንኩርቱን በአየር ላይ እየከተፈ፣ እየሳቀ፣ ሐሳቡን እየቆረጠ፣ ተመልሶ እያረመ ተናገረ። ይኼ ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም «አንብብልኝ» ብዬ አላውቅም። ወይ የሚወደውን ነገር እጠይቀዋለሁ፣ ወይ የሚያናድደውን።

የሚያናድደውን የጠየቅኩት ከአዲስ ዓለም ወዲህ ባለ የአበባ እርሻ የሚሠራ ኬንያዊ ተቆጣጣሪ ነው። የጠየቅኩት «ጠዋት የሚያረፍዱብህ ሠራተኞች አሉ ወይ?» ብቻ ነው። ስልኬ እስኪሞቅ ተናገረ። ለአንድ የስብከት ፕሮግራም የመጣ ናይጄሪያዊ ሰባኪም አገኘሁ፣ ሰባኪ ደግሞ ለመናገር ልመና አይፈልግም። ሚኒባስ ላይ ከጎኔ ፈረንጅ ከተቀመጠ እኔ ሳልወርድ አይወርድም። ረዳቶቹ ሁሉ አወቁኝ፤ «ቲቸር፣ ኋላ ወንበር አንድ ፈረንጅ አለልሽ» ይሉኛል።

ትልቁን አደን ያደንኩት ግን ጭልሞ ላይ ነው። ጊንጪ አጠገብ ባለው ደን ውስጥ ስለ ዛፍ የምታጠና አንዲት ስኮትላንዳዊት ልጅ አለች ሲሉኝ ትምህርት ቤት የሌለኝን ቀን ጠብቄ ገሰገስኩ። ዝናብ ላይ ቆማ ስለ አንድ ጽድ በደስታ ነገረችኝ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ «የስ፣ የስ» እላለሁ። ስመለስ ሚኒባስ ላይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ንግግር «ዛፍ» እና «ዝናብ» የሚሉትን ብቻ ነው የያዝኩት። እኔ፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ። ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሚኒባሱ ሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ ሳቅሁ። ሌንሴ ፈተናው ክፍል ውስጥ የተሰማት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ድምፁን በሚሞሪ የሚገለብጥልን ጀማል ነው። ጀማል ከስልጤ መጥቶ አምቦ ገበያው ዳር ስልክና ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። «ሰው ሁሉ ዘፈን ያስጭናል፣ ቲቸር የህንድ ምስር ያስጭናሉ» እያለ ያላግጥብኛል፣ ግን አንድ ድምፅ ማጉያ በየቅዳሜው ያውሰኛል። መብራት ቢጠፋ እንኳ በባትሪ ይሠራል። ያንን ይዤ ክፍል ገባሁና የስኮትላንዷን ልጅ ለቀቅሁባቸው። ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ። «መልሱ ምንድነው ቲቸር?» አሉኝ። «እኔም አልሰማሁም፤ አብረን እንሰማለን» አልኳቸው። ክፍሉ እንደዚያ ቀን ሲነቃ አይቼ አላውቅም። አንዱ «ሥሩ አለች» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ቅርፊቱ» ይላል፣ ሌንሴ ደግሞ «ዝናቡ ሲዘገይ ነው የምትለው» ብላ የጎደለውን ሞላች። በኦቦ ጉርሜሳ መንገድ እየሄድን እንደነበር ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ድምፁን ለመዱት። አንዱ ችግር ግን አልለቀቀንም። አንድ ጥያቄ ያመለጠው ሰው እዚያው ይተከላል። ቀጣዩ ይመጣል፣ ያልፋል፣ እሱ አሁንም በጠፋው ላይ ነው። ሌንሴ ከሁሉ ትብሳለች። ሰው ሲናገር በሙሉ ልቧ መስማት፣ የተባለውን ሳትጨርስ ወደ ሌላ አለመሄድ፣ በቤቷም በሥራዋም የለመደችው ወግ ነው። ምጥ ላይ ያለች እናት የምትለውን ግማሹን ትቶ አይታለፍማ። ይኼን ወግ ልነቅልባት አልፈለግሁም፤ ለፈተናው ግን ጠላቷ ሆነ። ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁና ኦቦ ጉርሜሳን ክፍሌ እንዲገቡልኝ ለመንኳቸው።

ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ሰዓታቸውን ፈቱ። ሌንሴን አስነስተው በአማርኛ ጠየቋት።

«ሰፈራችሁ የእድር ጥሩምባ ነፊ አለ?»

«አለ።»

«ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዝም እላለሁ። ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«የሟቹን ስም እጠብቃለሁ።»

«ስሙን ሲናገር ውሻ ጮኸና አመለጠሽ። በመስኮት ብቅ ብለሽ ድገምልኝ ትይዋለሽ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ኧረ ምን ሲሆን። የማን እናት እንደሆነች ይናገራላ። ሰፈሩን ይናገራል። ያን ከሰማሁ ማን እንደሆነች አውቃለሁ።»

«የቀብሩን ሰዓትስ?»

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እሱንማ ማጣት የለብኝም።»

«ስሙ ጠፋኝ ብለሽ ስትቆዝሚ ሰዓቱ ቢያልፍሽስ?»

ሌንሴ የያዘችውን የጥያቄ ወረቀት አየች። ኦቦ ጉርሜሳ በጣታቸው የጥያቄውን ወረቀት መቱና «ጥሩምባው ሳይነፋ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ስም፣ ዘመድ፣ ሰፈር፣ ሰዓት። ይኼም ያው ነው። አስቀድመሽ አንብቢው፣ ምን እንደሚመጣ እወቂ፣ የጠፋው ይጥፋ፣ ሰዓቱን ያዢ» አሏት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ገጥመው የጥሩምባ ድምፅ አወጡ፤ በእንግሊዝኛ ስለ ጠፋች ላም፣ ስለ ተዘጋ መንገድ፣ ስለ ተለወጠ የክትባት ቀን ማወጅ ጀመሩ። አንዴ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ሰዉ ይጽፋል፣ ያለፈውን ይተዋል፣ ቀጣዩን ይይዛል።

የግቢው ዘበኛ ይኼን ሰምቶ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። «ማን አረፈ?» አለ በሐዘን። ከዘበኛው ኋላ ርዕሰ መምህራችን ደረሱ። አዲስ ተሹመው የመጡ፣ ጸጥታ የሚወዱ ወጣት ነበሩ። ባለፈው ቅዳሜ በጀማል ድምፅ ማጉያ የተነሳ «ትምህርት ቤቱን ሙዚቃ ቤት አደረጉት» ብለውኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጥሩምባ። «ወይዘሮ ፀሐይ፣ ይኼ ምንድነው?» አሉኝ። እኔ ሳልመልስ ሌንሴ ተነሳችና «ፈተና ነው» አለች። ፊቷን አይተው ይሁን ምን፣ ርዕሰ መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡና አብረው አዳመጡ። የክትባቱን ቀን አልያዙትም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጩኸት ተናግረውኝ አያውቁም።

ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ሌንሴ ከዋዜማው ሄዳ አክስቷ ቤት አደረች። እኔ የዚያን ቀን ምን እንደሠራሁ አትጠይቁኝ፤ አንድ ወጥ ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት። ከፈተናው ስትወጣ ደወለች። «እንዴት ነበር?» ስላት «ሁለት አመለጡኝ፣ ትቻቸው ሄድኩ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ መከፋት አልነበረም። «ትቻቸው ሄድኩ» የሚለውን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውጤቱ ግን ገና ነው፤ እሱ እስኪመጣ እኔና እሷ ስልክ ስንደዋወል «ምንም የለም» ከመባባል በቀር ወሬ አልነበረንም።

ውጤቱ የመጣ ቀን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር። ስልኬ ጠራ፣ የሌንሴ ነው። ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ወራጅ ውሃ ተናገረች። አንድም ቃል አልያዝኩም። ማጥፊያው ከእጄ ወደቀ።

«ሌንሴ፣ አልሰማሁም፤ ድገሚልኝ» አልኳት።

በዚያኛው በኩል ሳቅ ሰማሁ። «አንዴ ነው ቲቸር» አለች።

ከሳቋ ገባኝ። አልፋለች። ከሚፈልጉት በላይ አምጥታለች። የዚያን ቀን ኦቦ ጉርሜሳ ቤት ሮጬ ሄድኩና አንዴ ብቻ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ «ጋሪ ዳ» ብቻ አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ግን ለባለቤታቸው፣ ለጎረቤቱ፣ ለዳቦ ሻጩ ሁሉ እየደጋገሙ ሲነግሩ ሰማኋቸው። በዚያች ቀን ብቻ ነው ኦቦ ጉርሜሳ አንድ ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ ሲናገሩ የሰማሁት።

ሌንሴ ሄደች፣ ተማረች፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ገብታ ልምምድ ጀመረች። ኦቦ ጉርሜሳ ከኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። እኔ ቅዳሜዬን ቀጠልኩ። ድምፅ መልቀሜንም አልተውኩም፤ ጀማል ሱቅ ያለው የኔ ፋይል ከዘፈኑ በለጠ። ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ፣ የወደቀው ተመልሶ መጣ። አሁን ልጆቹ በስልካቸው ሁሉን ያገኛሉ፣ ያ የኔ ጭልሞ ድረስ መሮጥ ለእነሱ ተረት ነው። ደስ ይበላቸው። እኔ ግን ያን ሩጫ በምንም አልለውጠውም።

የመጨረሻዬ ቅዳሜ ሊደርስ ሲል ለሌንሴ በስልክ ጻፍኩላት። «ለክፍሌ ድምፅ ላኪልኝ። ከወረቀት አታንብቢ። የምትወጂውን ነገር አውሪ» አልኳት። ላከችልኝ። ሌሊቱን በፈረቃ ሠርታ ስትወጣ፣ መንገድ ላይ እየሄደች የቀዳችው ነው፤ ከኋላ መኪና ያልፋል፣ ነፋስ አለ። የማዋለጃ ክፍሉን ታወራለች። ምጡ አልገፋ ያላት አንዲት እናት እንዴት እንደደከመች፣ ሐኪሙ ወደ ቀዶ ሕክምና እንውሰዳት ሲል እሷ እንዴት ትንሽ ጊዜ እንደለመነች፣ እናቲቱን በጎኗ አስተኝታ ልጁን እንዴት እንዳወጣች። በጣም ፈጥና ነው የምትናገረው፤ ትስቃለች፣ ሐሳቧን ትቆርጣለች፣ ራሷን ታርማለች።

ያን ቅዳሜ ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ ከጀልዱ የመጣች ነርስ አለች፣ ከመሬት አስተዳደር የመጡ ሁለት ሠራተኞች አሉ፣ ከአዲስ ዓለም የሚመላለስ መምህር አለ። ጥያቄውን አደልኩ፣ አንዴ አነበቡት፣ አንዴ ለቀቅሁት። ሲያልቅ ሰዉ እስክሪብቶውን ጥሎ ተነፈሰ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። የመሬት አስተዳደሩ ሰው «ይቺ ህንዳዊት ናት፣ ፍጥነቷን አላያችሁም?» አለ። መምህሩ «የለም፣ የምዕራብ አፍሪካ ድምፅ ነው» አለ። የጀልዷ ነርስ ድምፁን ሳይሆን ሥራውን ነበር የሰማችው መሰለኝ። «የየት አገር ሰው ትሁን ግን በጎን ማስተኛቱን ከማን ተማረችው? ሐኪም ፊት ቆማ እንደዚያ መናገርን ከማን ተማረች?» አለች።

«የየት ናት ቲቸር?» አሉኝ በአንድ ድምፅ።

«የእጃጂ ናት» አልኳቸው።

«የቷ እጃጂ?» አለ መምህሩ፣ ሌላ እጃጂ ያለ ይመስል።

«ከጌዶ አልፋችሁ ያለችው። ጤና ጣቢያዋ መንገዱ ዳር ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እናንተ በተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በመጀመሪያው ፈተናዋ ማዳመጡ ላይ ወደቀች።»

የክፍሉ ሰዓት አልቆ ነበር፣ ሚኒባሶቹም ይጠብቋቸዋል። አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።